ግራው ከብዷል

ኅዳር 19፣ ሐሙስ። ደሴ።

ይህ ደብተር የጭነት ደብተሬ ነበር። ከፊት ያሉት ገጾች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ግራ 24 ኪሎ፣ ቀኝ 24፣ ከላይ 12፤ ከሚሴ–ሰንበቴ፤ በሰላም ገባ። ሰው ይስቅብኛል፤ ደብተር የያዘ ሞተረኛ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ ይላሉ። እኔ ግን ሳልመዝን ጭኜ አላውቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ጻፍኩ። የእሑዱን ብቻ አልጻፍኩም።

አሁን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ። ሚስቴ ረቢአ ውስጥ ናት። ውጭ ጠብቅ አሉኝ። እጄን የማደርግበት ቢጠፋኝ እስክሪብቶ ያዝኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። እሑድ ረቢአ ሰንበቴ ገበያ የምትሸጠውን ጨርቅ ጭነን ወጣን። ሌላ ጊዜ እኔ ዕቃውን ይዤ እሄዳለሁ፣ እሷ በሚኒባስ ትከተለኛለች። የዚያን ቀን ሚኒባስ ስለጠፋ ከኋላዬ ተቀመጠች። ከከሚሴ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ የግራው እስር ላላ። ቆምን። ወርዳ ጭነቱን ደገፈች፣ እኔ አጠበቅኩት። ሞተሩን አላጠፋሁም። ከኋላ አንድ ቃል ተናገረች፤ «ሂድ» ስትለኝ ሰማሁ። ቁልቁለቱን ጨርሰህ ሜዳው ላይ ጠብቀኝ ማለቷ መሰለኝ፣ እንደዚያ የምናደርግበት ጊዜ አለ። ማርሽ አስገባሁና ሄድኩ። እጇ ገመዱ ውስጥ ነበር። ጎተትኳት፣ ወደቀች፤ ጭነቱም ተገልብጦ ግራ እግሯ ላይ ወደቀ።

እግሯን በሁለት እንጨት መሃል አድርጌ በጎማ ካላማዳሪ፣ በውስጠኛው ላስቲክ፣ ጠፍሬ አሰርኩት። ጥብቅ አድርጌ ነው ያሰርኩት። የኔ እስር አይላላም። ከዚያ መኪና ተገኘ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፤ ደሴ ለመድረስ ሰባት ሰዓት ፈጀን።

አራት ቀን ሆነ። ሐኪሞቹ ገብተው ይወጣሉ፣ የሚነግሩኝ የለም።

ኅዳር 21።

ቆረጡት። ከጉልበት በታች።

ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ። የጻፍኩት ስም የኔ አይመስልም ነበር።

ኅዳር 22።

ጠዋት አልነቃችም። ከሰዓት ነቃች። ውኃ አለች። እኔን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ሕመሙ ነው።

ኮሪደር ላይ አንዲት ነርስ ለጓደኛዋ ስትናገር ሰማሁ። «በጎማ ያሰረው ማነው? ደም የሚያልፍበት ቦታ እኮ አልነበረውም» አለች። ሐኪሙ ግን መዘግየቱን ነው ያነሣው። ሰባት ሰዓት ቀላል አይደለም። መዘግየቱ ነው።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ። ከሚሴ።

ቤት ገባን። ጠያቂው ከበር እስከ በር ሞልቷል። ሁሉም አብሽሪ ይላታል፣ ሁሉም የአላህ ቀደር ነው ይላታል፤ ከዚያ ወደኔ ዞረው እንዴት ሆነ ይሉኛል። ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርጌ እነግራለሁ። ስነግራቸው ረቢአ ታዳምጣለች። አንድም ቀን አላረመችኝም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ማስረዳት ያስቸግራል። በኦሮምኛ «ሂዺ» ማለት እሰር ማለት ነው። ዺ በአማርኛ የለችም፤ ዲ ብላት ትቀልላለች፣ ጢ ብላት ትከብዳለች፣ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ ነው የምትወጣው። ሞተር እያጓራ፣ ንፋስ እየነፈሰ፣ ራስ ላይ ሄልሜት ተደፍቶ «ሂዺ» እና «ሂድ» ምን ይለያቸዋል? እሷ እሰር ብላ ይሆናል፣ እኔ ሂድ ሰማሁ። እዚህ አገር በሁለት ቋንቋ የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሊገጥመው የሚችል ነው። ሁሉም እንዲህ ሲባሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ነገር ብቻ። እኔና ረቢአ ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነበር። አማርኛ ለገበያና ለቢሮ ነው። ከደሴ ከተመለስን ወዲህ ግን በአማርኛ ብቻ ነው የምታናግረኝ። «ውኃ ስጠኝ»፣ «ትራሱን ከፍ አድርገው»፣ «በቃ»። ከጎረቤታችን ከሙና ጋር በኦሮምኛ ታወራለች፤ እኔ ስገባ ወደ አማርኛ ትመለሳለች፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ፣ ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። መድኃኒቱ ይሆናል።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ።

የሰንበቴ ገበያ ቀን። ሞተሩ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ግመልና ፍየል የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ ከአልጋዋ ሆና ትሰማለች። እኔም እሰማለሁ። ጨርቁን ማን ይሽጠው አላለችኝም።

ታኅሣሥ 12።

ወንድሟ ካሚል ከሎጊያ መጣ። እዚያ ሱቅ አለው፤ እሷን ያሳደጋት እሱ ነው፣ እናታቸው በልጅነታቸው ነው የሞተችባቸው። እንዳቀፋት ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ከዚያ ግቢ ወጥተን ተቀመጥንና ንገረኝ አለኝ። ነገርኩት።

ስጨርስ መሬቱን በእንጨት እየጫረ፣ «ዘይኑ፣ አንተ የተወለድከው ጨፋ ነው» አለኝ። «አማርኛ ያወቅከው ትምህርት ቤት ገብተህ ነው። እኔ እንኳ ሂዺን ከሂድ አሳስቼ አላውቅም፣ አፋር መሃል ሃያ ዓመት ኖሬ።»

ሄልሜቱን ነገርኩት። ንፋሱንም። ራሱን ነቀነቀና በሽማግሌ ይታይ አለ። ካሳ አልፈልግም፣ እግር በካሳ አይበቅልም አለ። ጥፋቱ ያንተ ከሆነ እመን፣ እሱን ብቻ ነው የምፈልገው አለ። ረቢአን ገብቶ ሲጠይቃት ለሽማግሌ እናገራለሁ ብላዋለች።

ምን ብላ ትናገራለች? ቀኑን ሙሉ ይህን ሳስብ ዋልኩ።

ታኅሣሥ 20።

ቤንዚን ሰልፍ። አራት ሰዓት ቆምኩ። ሞተሩን ማንቀሳቀስ ነበረብኝ፣ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም።

ከፊቴ ያሉት ልጆች አላዩኝም። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አንዱ «ሂድ!» ይላል፣ ጓደኛው «ልሂድ ነው ልሰር?» ይለዋል፣ ይሳሳቃሉ። ሦስት ጊዜ ደገሙት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ከተማው ሁሉ ሲቀልድበት የሰነበተውን ዛሬ መስማቴ ነው። አንዱ ዞር ሲል አየኝና ፊቱ ተለዋወጠ። «ዘይኑ፣ ነጋ ቡልቴ?» አለኝ። በሰላም አድሬያለሁ አልኩት።

ቤት ስገባ ቤንዚን አገኘህ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።

ጥር 2፣ ዓርብ።

ልብስ ሰፊው ቶፊቅ መጣ። ከሚስቱ ጋር ሚሌ ሊገባ ነው፣ ሥራ እዚያ ይሻላል ብለውታል። ሚስቱ በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ እሱ የስፌት መኪናውን፣ ጨርቁንና የቤቱን ዕቃ በሞተር ሊወስድ ነው። አጫጫኑን አሳየኝ፣ በዚህ ከተማ እንዳንተ የሚጭን የለም አለኝ። እኔን ለማጽናናት አስቦ ይሁን ወይም ምንም ሳያስብ፣ አላወቅኩም። አላባረርኩትም።

ግቢ ውስጥ አሳየሁት። ከባዱ ከታችና ከፊት፤ የስፌት መኪናው ከኋላው ጎማ ኋላ ከዋለ መሪው ይቀልልህና ኩርባ ላይ አይታዘዝህም። ቀላሉ ከላይ። ግራና ቀኝ በሚዛን፤ በክንድህ አትገምት፣ ክንድ ወደ ወደደው ያደላል። የኋላውን ጎማ ነፋስ ጨምር፣ ካቴናውን እይ፣ ፍሬኑን ጭነህ ሞክረው፣ ባዶ ሞተር የሚቆምበት ቦታ ላይ የተጫነ አይቆምም። ማርሚታው፣ የጭስ መውጫው፣ አጠገብ ፕላስቲክ አታድርግ። የተረፈ የገመድ ጫፍ አታንጠልጥል፣ ካቴና ውስጥ ገብቶ ይገድልሃል። ስትጨርስ ጭነቱን ይዘህ ናጠው፤ ሞተሩ አብሮ ከተናጠ ታስሯል፣ ጭነቱ ብቻውን ከተናጠ ፍታና እንደገና እሰር። አምስት ኪሎ ሜትር ሄደህ ቁም፣ እንደገና አጥብቅ፤ መንገድ ያላላዋል። የባቲን ቁልቁለት በማርሽ ውረድ፣ ፍሬን ይዘህ አትቆይ።

ካላማዳሪ አምጥቶ ነበር፣ በሱ ልሰር አለኝ። አትሰር አልኩት። ለምን ሲለኝ በገመድ እሰር፣ በቃ አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፣ ደነገጠ።

ረቢአ በመስኮት ታየን ነበር። ቶፊቅ ሲሄድ ምርኩዟን ይዛ ወጣች፣ ብቻዋን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሞተሩ ጋ ደርሳ መቀመጫውን በእጇ ነካችው። ልደግፋት ስነሣ «ተወኝ» አለች።

ጥር 9።

ዛሬ ወደቀች። ሽንት ቤት ስትሄድ። አልጠራችኝም። ሙና ናት ያነሣቻት። እኔ ግቢ ውስጥ ነበርኩ፣ አሥር እርምጃ።

ጥር 10።

አጠብኳት። ስታለቅስ ድምፅ አታወጣም። እኔም ሳለቅስ አየችኝ። «አንተ አታልቅስ» አለችኝ፣ ቁጣ ነበረበት። ያዘነችልኝ መሰለኝ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ።

ሼህ ጀይሉ ከመስጂድ መልስ አብሮኝ ሄደ። የሽማግሎቹ ታላቅ እሱ ነው። እኛንም ያጋባን እሱ ነው፤ ሲያየኝ አሁንም እንደ ሙሽራ ነው የሚያየኝ። ረመዳን ሳይገባ ይህን ነገር እንጨርሰው አለኝ።

ደንቡን አስረዳኝ። ነገሩ ቀደር ከሆነ፣ ማለትም እኔ በእውነት ሂድ ሰምቼ ከሆነ፣ ጥፋት የለም፤ ማንም በማንም ላይ ዕዳ የለበትም፣ አብሮ መኖሩም መለያየቱም የኛ ፈንታ ነው። ጥፋት ከሆነ ግን፣ እሰር እያለችኝ ሰምቼ ሄጄ ከሆነ፣ ሽማግሌ ይፈርድብኛል፦ እድሜ ልኬን እጦራታለሁ፣ ልፈታት አልችልም፣ ሌላ ላገባ አልችልም፤ እሷም ከቤቴ አትወጣም፣ ካሚልም አይወስዳትም። «ያጎደለ ይሞላል» አለኝ። አባቶቻችን እንዲህ ነው የፈረዱት።

እኔ «እሷ ብትፈልግስ መውጣት?» አልኩት።

«አንካሳ ሴት ወዴት ትወጣለች?» አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ከደግነቱ ነው የተናገረው። ከዚያ ክንዴን ይዞ፣ «ልጄ፣ ሽማግሌ ፊት ከመቆምህ በፊት ከጆሮህ ጋር ተነጋገር» አለኝ።

ጥር 24። ከሱብሒ ሶላት በኋላ።

ረቢአ ተኝታለች። ዛሬ እውነቱን ልጻፍ፣ ደብተር አይመሰክርም።

የዚያን ቀን አልመዘንኩም። ሚዛኑን ሙና ተውሳው ነበር፣ ቤቷ አጥር ለአጥር ነው፣ ሄጄ ማምጣት ታከተኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም። በክንዴ አንሥቼ እኩል ነው ብዬ ጫንኩት። ከግቢ ሳንወጣ ረቢአ ጭነቱን ነካ አድርጋ «ቢታን ኡልፋታ» አለችኝ፤ ግራው ከብዷል። መዝኜዋለሁ አልኳት። አየችኝ። ሚዛኑ ሙና ቤት እንዳለ ታውቃለች። ሙናም እዚያው ቆማ ትሰማ ነበር። በሰው ፊት ልታስተምረኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። እኔን! የከሚሴ ሞተረኛ ሁሉ እሰርልን እያለ የሚለምነኝን።

ቁልቁለቱ ላይ ግራው ላላ። እሷ ልክ ነበረች። ስወርድ «ነገርኩህ እኮ» አለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ ቃል የመጣ ነው። ጥርሴን ነክሼ አንድ ዙር ጠመጠምኩት፣ በደንብ አልጠበቀም፣ አውቃለሁ፣ እጄ ያውቃል። ተነሥቼ ሞተሩ ላይ ተቀመጥኩ። «ሂዺ» አለችኝ። እሰር። ከዚያ ደግማ፣ «ሂዺ፣ ዘይኑ»። ሁለት ጊዜ። ምላሷ ስትታጠፍ ሳይቀር ሰማሁት። ሄልሜት አላደረግኩም ነበር፣ መሪው ላይ ነበር የሰቀልኩት። በሆዴ «ታስሯል አልኩሽ» አልኩና ማርሽ አስገባሁ።

በፍጹም፣ እንድትጎዳ አልፈለግኩም። እጇን አላየሁም። አንድ እርምጃ ሞተሩን ሳንቀሳቅሰው ደንግጣ ዝም እንድትልልኝ ነበር የፈለግኩት። ያ ብቻ ነው።

«ሂድ» የምትለዋ ቃል የመጣችው በኋላ ነው። ወደ ደሴ የወሰደን ሾፌር ምን ሆናችሁ ሲለኝ፣ ሂድ ያለችኝ መስሎኝ አልኩት። ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ አፌ ላይ ተዘጋጅታ ኖሯል። ረቢአ ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር። ዐይኗን ገልጣ አየችኝና መልሳ ጨፈነችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ ወዲህ መቶ ጊዜ ተናገርኳት፤ መቶ ጊዜ ከተናገርኳት በኋላ አንዳንድ ቀን እኔም የሰማሁት ይመስለኝ ጀመር።

ስለ ካላማዳሪው አልጽፍም። ሐኪሙ መዘግየቱ ነው ብሏል።

አሁን ሌላ ነገር ያስጨንቀኛል። እውነቱን ብናገር ትቀርልኛለች። ሽማግሌው ራሱ ያስቀራታል። ውሸቴን ብቀጥል ነጻ እሆናለሁ፣ እሷም ነጻ ትሆናለች፣ ካሚልም ይዟት ይሄዳል። ታዲያ የምናገረው አላህን ፈርቼ ነው ወይስ እሷን ላለማጣት? ልጅ አልሰጠንም፣ ያለችኝ እሷ ናት። ለየትኛውም ይሁን፣ እናገራለሁ። ወሰንኩ። ሽማግሎቹ ፊት ቆሜ ሰምቻታለሁ እላለሁ፤ ከዚያ እድሜ ልኬን አጥባታለሁ፣ እሸከማታለሁ።

ጻፍኩትና ትንሽ ቀለለኝ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ።

አልተናገርኩም።

የተቀመጥነው ሼህ ጀይሉ ግቢ ነው። ሽማግሎቹ ሦስት፣ ካሚል፣ ሁለት ጎረቤት፣ እኔ። ረቢአን ሙና ደግፋ አመጣቻት፣ ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀመጠች። ዱዓ ተደረገ። በኦሮምኛ ተጀመረ፣ አንደኛው ሽማግሌ በአማርኛ ቀጠለ፣ እንደተለመደው ተደባለቀ። ካሚል ያለውን አለ። ቁጣ አልነበረውም፣ «ይህ ሰው ሁለት ቋንቋ በእኩል ያውቃል፣ ጥፋቱን ይመን» ብቻ ነው ያለው።

እኔ ቃሌን ልሰጥ ነበር። መነሣት ጀመርኩ፣ ጉልበቴን ከመሬት አላቅቄ ነበር። ረቢአ አየችኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ እንዲህ ፊቴን አይታኝ አታውቅም፤ ቅንድቤን ሳይቀር የምታነብ ይመስል ነበር። እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ «ሼኬ፣ እናንተ የተጎዳው ይቅደም ትላላችሁ አይደል?» አለች።

ይቅደም፣ ደንብ ነው አላት።

«ሂድ ነው ያልኩት» አለች። «በአማርኛ። ሜዳው ላይ ጠብቀኝ ብዬ። እጄን ማውጣት የረሳሁት እኔ ነኝ። እሱ የሰማው ያልኩትን ነው።»

ካሚል ስሟን ጠራ፣ አንዴ ብቻ። አላየችውም።

ሼህ ጀይሉ ወደኔ ዞሮ «ልጄ፣ እንዲህ ነው?» አለኝ።

ምን ልበል? አይደለም ብል ሚስቴ ሽማግሌ ፊት ዋሸች ማለቴ ነው። አዎ ብል እኔ እዋሻለሁ። እውነቱን ተሸክሜ የመጣሁት ሰው፣ ሁለት ሳምንት ያጠናሁት ሰው፣ «እሷ እንዳለችው ነው» አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ። አድናኛለች፣ ወዳኛለች፣ ይቅር ብላኛለች ብዬ በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ቀደር ነው ተብሎ ተፈረደ። ፋቲሓ ተቀራ። ካሚል ተነሥቶ ጨበጠኝ፣ እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

የካቲት 9።

ጠዋት ተነሥቼ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አልኳት። «እግዜር ይመስገን፣ ደህና» አለችኝ። እንደ ቢሮ ሰው።

የካቲት 13።

ልትሄድ ነው። ሎጊያ፣ ካሚል ዘንድ። ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ትሸጥለታለች፣ ለመሸጥ እግር አያስፈልግም አለች። ሼህ ጀይሉን አስጠርታ ፍቺ ጠየቀች፣ መህሬን፣ የኒካሁን ጥሎሽ፣ እመልሳለሁ፣ ሌላ ነገር የለኝም አለችው። ሼኩ ሊያግባባት ሞከረ። ለሦስት ቀን ተመላለሰ። ዛሬ መጥቶ «ቀደር ነው ብለን ፈርደን አሁን በምን እንያዛት?» አለኝ። ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ሄጄ ለምኛታለሁ። እግሯ ሥር፣ ያው አንዱ እግሯ ሥር ተንበርክኬ። ተነሥ አለችኝ። ለምን ሽማግሌ ፊት እንደዚያ አልሽልኝ ስላት ልብሷን ማጣጠፍ ቀጠለች።

ሆድ ይፍጀው ይላሉ። ሆዴ ግን ምንም የሚፈጅበት ጉልበት የለውም።

የካቲት 17።

እሷና ካሚል ነገ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። ዕቃዋን አውቶቡሱ ላይ ጣሪያ ላይ ይጭኑታል፣ ይሰባብሩታል። እኔ እወስደዋለሁ አልኩ። ካሚል ወደሷ አየ። «ይውሰደው» አለች።

ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ። ሚዛኑን ከሙና ራሴ ሄጄ አመጣሁ። ሙና ስትሰጠኝ አንገቷን ደፋች።

የብረት ሳጥኗ 19። ፍራሹ ሰፊ እንጂ ቀላል ነው፣ ጠቅልዬ ከላይ። ጨርቁ በሁለት ከረጢት፣ ግራ 21፣ ቀኝ 21። ብርጭቆዎቿን በነጠላዎቿ ጠቀለልኩና ሳጥኑ ውስጥ መሃል ላይ ከተትኩ። ቀለበት ያሰርንበት ዕለት የተሰጠን ትልቅ ሰሃን አለ፤ እሱን አልወስድም አለች። ሁለት ጊዜ አስሬ ሁለት ጊዜ ፈታሁ። ናጥኩት፣ ሞተሩ አብሮ ተናጠ። እንዲህ አሳምሬ አስሬ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ጭነት አንድ ገመድ እንኳ ሳይላላ ብደርስ ይቅር ትለኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሞኝነት ነው። ግን አሰብኩ።

የካቲት 18። ሚሌ፣ ቶፊቅ ቤት።

በጠዋት ወጣሁ። ኮምቦልቻ ሳልደርስ ቆሜ አጠበቅኩ፣ ባቲ ላይ ቆሜ አጠበቅኩ። ከባቲ ቁልቁል በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ፣ ከኋላዬ መኪና ሁሉ ጥሩንባ ሲያስጮህብኝ ነበር። የቆላው ሙቀት ገመዱን ያላላዋል፣ ስለዚህ በየሃያ ኪሎ ሜትሩ። ዘጠኝ ጊዜ ቆሜያለሁ። ሚሌን አልፌ ሎጊያ ስደርስ አንድም ገመድ አልላላም ነበር።

አውቶቡሱ ቀድሞ ገብቷል። ረቢአ ካሚል ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ካሚል ሱቅ ሄዷል፣ ሚስቱ ጀነት ውኃ አመጣችልኝ። ልፈታ ስል ረቢአ አቁም አለችኝ። አቅርበው አለች፣ ሞተሩን ወደሷ አስጠጋሁት፤ ቋጠሮዎቹን ራሷ መፍታት ጀመረች። ጀነት ቢላ ላምጣ ብትላት እምቢ አለች። ረጅም ሰዓት ፈጀባት። እኔ ሞተሩን ይዤ ቆምኩ።

ሳጥኑን ከፍታ ብርጭቆዎቹን አንድ ባንድ አየቻቸው። «ምንም አልሆነም» አለች። «ጥሩ አስረሃል።»

ያን ስትል አልቻልኩም። ያን ቀን ሰምቼሻለሁ አልኳት። ሂዺ ስትይኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ፣ ሰምቼሻለሁ።

ገመዱን መጠቅለሏን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ሽማግሎቹ ፊት ልትናገር ስትነሣም አይቼሃለሁ። ብትናገር ኖሮ እስክሞት እዚያ ቤት እቀር ነበር። አንተ ስታጥበኝ፣ አንተ ስትሸከመኝ፣ አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ ስታለቅስ። ሰው ሁሉ ደግ ባል ሲልህ። ወላሂ እሱን አልችለውም ነበር። ለዚህ ነው የቀደምኩህ። ላንተ ብዬ አይደለም።»

ከዚያ የተጠቀለለውን ገመድ ሰጠችኝና ሳይመሽብህ ሂድ፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም አለችኝ። ምርኩዟን ይዛ ተነሣች፤ ጀነት ልትደግፋት ስትል እሺ አለቻት።

ባዶውን ሞተር እየነዳሁ ሚሌ ደረስኩ። ቶፊቅ እንዴት ሆነ ዕቃው ደረሰ ወይ ሲለኝ ደረሰ አልኩት። ሚስቱ ምግብ አቅርባለች፣ የበላሁ መስዬ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። እውነቱን የነገርኳት እንድታዝንልኝ ነበር፤ አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ። እሷ ሽማግሎቹ ፊት ልነሣ ስል፣ ገና ሳልናገር ነበር የገባት።